ፏፏቴ፣ ጌጥና ትንሽ ግሪንሃውስ፦ ጓሮን ከውሃው ጀምሮ መሥራት

ስለ ጓሮ ስናስብ ቀድሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሚያምረው ነገር ነው። ውሃ የሚያፈልቅ ማሰሮ፣ አበባ መሃል የቆመ ድንጋይ፣ ጥግ ላይ ቲማቲም የተንዠረገገበት ግሪንሃውስ፣ ማለትም በፕላስቲክ የተሸፈነ የተክል ቤት። ብዙ ሰው ሥራውንም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ፏፏቴው ተገዝቶ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ግሪንሃውሱ ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ የዛፉ ጥላ እንደሚያርፍበት የሚታወቀው ችግኙ መቅጠን ሲጀምር ነው።

እኔም የመጀመሪያውን ፏፏቴ የሠራሁት እንዲሁ ነበር። ንጣፉን ደርድሬ ከጨረስኩ በኋላ ኬብል ለማሳለፍ ግማሹን መልሼ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ አካፋ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሃው ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? ፏፏቴውም፣ ጌጡም፣ ግሪንሃውሱም ቦታቸውን የሚያገኙት ከዚህ መልስ ነው።

ከመቆፈር በፊት

ወረቀት አውጡ። ጓሮውን ለኩና እያንዳንዱን ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር እየወከላችሁ ሳሉት። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፎቹን፣ የውሃ ቧንቧውን፣ ሶኬቱንና ከጣሪያ የሚወርደውን አሸንዳ አስገቡ። ከመሬት በታች ያለፈ የፍሳሽ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ካለ መንገዱን አጣሩና አስምሩት።

ከዚያ ፀሐያማ የሆነ አንድ ቀን ምረጡ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ጥላው የደረሰበትን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ። ግሪንሃውስ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ፏፏቴ ግን ትንሽ ጥላ ይስማማዋል፤ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ አረንጓዴው አልጌም አይበረታበትም። ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ ሥር ብቻ አታድርጉት፤ ቅጠሉ ፓምፑን ይዘጋዋል። የትንሽ ፏፏቴ ድምፅ ሩቅ አይሰማም። ስለዚህ ከምትቀመጡበት ቦታ ከ2 እስከ 4 ሜትር ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወጥታችሁ እዩ። ውሃ የሚያቁርበት ዝቅተኛ ቦታ ለግሪንሃውስ አይሆንም። መሬቱ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ይሆናል፣ የችግኙም ሥር ይበሰብሳል።

ቦታው ከተወሰነ መጀመሪያ የሚቆፈረው የቧንቧና የኬብል ቦይ ነው። የጓሮ መሬት በየጊዜው ስለሚቆፈር ኬብሉን ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። የውሃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ተራርቀው ይሂዱ። አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ሜትር አጠገቡ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዓመታት በኋላ ዶማ ስታነሱ ያ ፎቶ ትልቅ ነገር ያድናል።

የማሰሮ ፏፏቴ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የምመክረው ኩሬ የሌለውን ፏፏቴ ነው። ውሃው መሬት ውስጥ በተቀበረ ገንዳ ይጠራቀማል፣ በፓምፕ ወደ ማሰሮው ይወጣል፣ ከአፉ ላይ ሞልቶ ይፈስና በጠጠሩ መሃል ሰርጎ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከላይ የሚታየው ማሰሮና ጠጠር ብቻ ነው። ይህን የማስቀድመው በውበቱ ብቻ አይደለም። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። የተሸፈነ ገንዳ ያን ስጋት በብዙ ይቀንሰዋል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ማሰሮ፣ ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ፣ 20 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ቀጥ ያለ ጠንካራ ቱቦ፣ ሲሊኮን፣ ብሎኬት፣ የብረት ፍርግርግ፣ ሽቦ ወንፊትና የታጠበ ድቡልቡል ድንጋይ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ፓምፕ ሲመርጥ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ይናገራል፣ ሁለተኛው ውሃውን እስከ ስንት ሜትር እንደሚያነሳ። ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይገኙም። ከፍተኛው ከፍታ ማለት ውሃው ጨርሶ መፍሰስ የሚያቆምበት ከፍታ ነው። “2 ሜትር” የሚል ፓምፕ 2 ሜትር ላይ ምንም አይሰጣችሁም፤ 1 ሜትር ላይም የሚሰጠው ከተጻፈው በእጅጉ ያነሰ ነው። ከፍታውን የምትለኩት ከፓምፑ ሳይሆን ከገንዳው የውሃ ወለል እስከ ማሰሮው አፍ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ማሰሮና ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ውሃ ቢኖር 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ቢያንስ 2 ሜትር የሚያነሳ፣ በሰዓት ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር የሚገፋና መቀነሻ ያለው ፓምፕ ውሰዱ። የበዛውን መቀነስ ይቻላል፣ ያነሰውን ግን መጨመር አይቻልም።

ማሰሮውን መብሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ድፉት። የምትበሱበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት። ላልተወለወለ ሸክላ የድንጋይ ፑንታ ይበቃል፤ እንደ ብርጭቆ ለሚያብረቀርቀው ግን የአልማዝ ያስፈልጋል። የድሪሉን የመምቻ ቁልፍ አጥፉ። ቀስ ብላችሁ፣ ቦታውን በውሃ እያራሳችሁ፣ ሳትጫኑ ብሱት። ሊዘልቅ ሲል ደግሞ የበለጠ ቀለል አድርጉት፤ ማሰሮ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ቱቦው በቀዳዳው ገብቶ ከማሰሮው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ለውጥ አላት። ቱቦው ታች ላይ ቢያልቅ ፓምፑ በጠፋ ቁጥር ማሰሮው ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ገንዳው ያን ሁሉ ካልቻለ ጓሮው ይጥለቀለቃል። ረጅም ቱቦ ካለው ግን ማሰሮው እንደሞላ ይቆያል። በቱቦው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ድፈኑና ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ። ያልተወለወለ ሸክላ ውሃ ስለሚያሰርግ ውስጡን ሁለት ጊዜ ውሃ የማያስገባ ቀለም ቀቡት።

አሁን ጉድጓዱ። ከገንዳው በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቆፍሩ። ሥሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አንጥፉና በውሃ ልክ አስተካክሉ። የገንዳው ጠርዝ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ጭቃ የያዘ ጎርፍ እንዳይገባ። ዙሪያውን አፈር ስትመልሱ ውስጡን ውሃ እየሞላችሁ አብራችሁ ከፍ በሉ። ባዶውን ከሞላችሁት አፈሩ ገንዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

የማሰሮው ክብደት ፍርግርጉ ላይ ማረፍ የለበትም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 80 ሊትር የያዘ ማሰሮ የራሱ ክብደት ሲጨመር ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ፣ ከማሰሮው ሥር፣ ብሎኬት ደርድሩ። ከብሎኬቱ በታች የጎማ ቁራጭ አድርጉ፣ ፕላስቲኩን እንዳይበሳው። ፓምፑን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ በጡብ ላይ አስቀምጡት፤ ደለሉ ታች ይቀራል። ፍርግርጉና ወንፊቱ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ፣ የሚነሳ ክፍል ተዉ። ይህን የረሳ ሰው ፓምፕ ለማጽዳት ድንጋዩን በሙሉ ያነሳል።

ድንጋይ ከመደርደር በፊት ፓምፑን አስነሱና ማሰሮውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ውሃ በጣም ሐቀኛ ነው። አፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ካዘነበለ በአንድ ወገን ይፈስና ሌላው ደረቅ ይቀራል። በቀጫጭን የፕላስቲክ ወይም የድንጋይ ሽብልቅ እያስተካከላችሁ፣ በአራቱም አቅጣጫ እኩል እስኪፈስ ድረስ ታገሡ። ውሃው ወደ ላይ የሚረጭ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውሃ የሚመልሰው ስፍራ ከመሃሉ እስከ ዳር ቢያንስ የውሃውን ቁመት ያህል ይስፋ። 50 ሴንቲ ሜትር ለሚወጣ ውሃ 50 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ላይ እጥፍ አድርጉት።

ስለ ኤሌክትሪኩ ቀጥታ ልናገር። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ በግምት አይሠራም። መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ሶኬቱ የውጭ፣ ክዳን ያለውና ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን። ኬብሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውጣ፤ በላዩ የሚንጠባጠብ ውሃ እዚያው ታች ይወድቃል። እጃችሁን ውሃው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁልጊዜ ንቀሉ። ይህን መሥራት የማትችሉ ከሆነ ለዚህች ክፍል ብቻ ባለሙያ ጥሩ፣ ወይም በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ምረጡ። የሶላር ፓምፕም አለ፤ ባትሪ ከሌለው ግን ደመና በመጣ ቁጥር ይቆማል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በሙቀት ወቅት በየሁለት ቀኑ የውሃውን መጠን እዩ፤ ውሃ አልቆበት የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላል። በወር አንድ ጊዜ የፓምፑን ስፖንጅ እጠቡ። ነጭ ቅርፊት ከያዘው ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት። ወፎች የሚጠጡበት ከሆነ በረኪና አትጨምሩ። ለጉዞ ስትወጡ ደግሞ ማሰሮውን አፍስሱት። ሙቀት ባለበት ጊዜ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ ከእንቁላል እስከ በራሪ ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። የሚንቀሳቀስ ውሃ ላይ አይራባም፣ የቆመው ላይ ግን ይራባል። ውርጭ ባለበት አገርም ማሰሮው ባዶ ሆኖ ይክረም፤ የቀዘቀዘ ውሃ ይሰነጥቀዋል።

ጌጥ ሲበዛ አይታይም

ስለ ጌጥ የምለው አጭር ነው። ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ስታዩ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ብቻ ይኑር። ፏፏቴው ከታየ ሐውልቱ እዚያ አያስፈልግም፤ መንገዱ ወደሚታጠፍበት ይሂድ። አምስት ትናንሽ ጌጦች ከሚበተኑ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይበልጣል። ድንጋዩም ሲሶው መሬት ውስጥ ይቀበር። ያኔ የተወረወረ ሳይሆን እዚያው የበቀለ ይመስላል።

የመርገጫ ድንጋይ የምትደረድሩ ከሆነ መጀመሪያ እንደ ልማዳችሁ ተራመዱና እግራችሁ ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። ለብዙ ሰው ከድንጋይ መሃል እስከ ድንጋይ መሃል 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይኑር፣ ላዩም ከመሬቱ እኩል ይሁን።

በራስ እጅ ከሚሠሩት ጌጦች እኔ የምወደው በቅጠል ቅርጽ የሚወጣ የወፎች መጠጫ ነው። ትልቅ፣ ጅማቱ ጎልቶ የሚታይ ቅጠል ያስፈልጋል፤ የዱባ ቅጠል ጥሩ ነው። እርጥብ አሸዋ እንደ ጉብታ ከምሩና በፕላስቲክ ሸፍኑት። ቅጠሉን በጀርባው ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉበት፤ ጅማቱ የሚጎላው በጀርባው ነው። 1 እጅ ሲሚንቶና 3 እጅ ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሉ። ውሃው ትንሽ ይሁን፤ ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን መያዝ አለበት። ጓንት አድርጉ፣ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ከመሃል ጀምራችሁ እየጫናችሁ ለጥፉት፦ ውፍረቱ መሃሉ ላይ 2.5፣ ጠርዙ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የመሃሉን አናት ደልድሉት፤ ሲገለበጥ መቀመጫው እሱ ነው።

በፕላስቲክ ሸፍናችሁ 48 ሰዓት ተዉት። ከዚያ ገልብጡና ቅጠሉን ላጡት። የቀረውን በብሩሽ አጽዱ። ለአንድ ሳምንት እያራሳችሁ አቆዩት፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በእርጥበት ነው። ወፎች ከመጠጣታቸው በፊት ለጥቂት ቀናት ውሃ ሞልታችሁ እየደፋችሁ ቀይሩለት፣ የሲሚንቶው ኖራ ይወጣል። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ድመት ከምትደበቅበት ቁጥቋጦም ራቅ አድርጉት።

2 በ3 የሆነች ግሪንሃውስ

ለቤተሰብ 6 ካሬ ሜትር በቂ ነው። በግራና በቀኝ 70 ሴንቲ ሜትር መደብ፣ መሃል 60 ሴንቲ ሜትር መንገድ ይወጣዋል።

ቦታውን በካስማና በሲባጎ ምልክት አድርጉ። ማዕዘኖቹ ትክክል መሆናቸውን ለማወቅ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱም 3 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለባቸው። ካልተመሳሰሉ አሁኑኑ አስተካክሉ፤ በኋላ በሩ አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

በረጅሙ ጎን በየ75 ሴንቲ ሜትሩ፣ በእያንዳንዱ ወገን አምስት አምስት፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፌሮ ትከሉ። ግማሹ መሬት ውስጥ ይግባ። 5 ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ አንዱን ጫፍ በፌሮው ላይ አጥልቃችሁ፣ አጉብጣችሁ ማዶ ካለው ጋር አገናኙት። 2 ሜትር ስፋት ላይ 5 ሜትር ቧንቧ ሲጎብጥ መሃሉ 1.90 ገደማ ከፍታ ይኖረዋል። ብዙ ሰው ሳያጎነብስ ይሠራበታል። አምስቱ ቀስቶች ከቆሙ በኋላ አናታቸው ላይ 3 ሜትር ቧንቧ በግሪንሃውሱ ርዝመት እሰሩ፣ በየጎኑም አንድ አንድ። በአራቱ ጥግ ደግሞ በሰያፍ ደግፉ። ነፋስ የሚጥለው ሰያፍ ድጋፍ የሌለውን ነው። የበሩንና የመስኮቱን ክፈፍ ከሞራሌ ሥሩ።

ፕላስቲኩ ላይ አትቆጥቡ። ተራው ፕላስቲክ በአንድ ወቅት ፀሐይ ይሰባበራል። ፀሐይ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ፣ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ለላዩ 6 በ4 ሜትር፣ ለሁለቱ ጫፎች 2.5 በ2.5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። የጋለ ፒቪሲ ፕላስቲኩን በሚነካበት ቦታ ቶሎ ያበላሸዋል። ስለዚህ ቀስቶቹን መጀመሪያ ነጭ የውሃ ቀለም ቀቧቸው ወይም ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉባቸው። ነፋስ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ወጥሩት። በሙቀት የተወጠረ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠብቃል። ጠርዙን በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ቅበሩት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ችግር ብርድ አይደለም፣ ሙቀት ነው። ውጭው 25 ዲግሪ በሆነበት ፀሐያማ ቀን የተዘጋ ግሪንሃውስ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ቲማቲም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን አበባውን ያራግፋል። ስለዚህ የሚከፈተው ቦታ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ ለ6 ካሬ ሜትር ከ0.9 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 70 በ170 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ብቻውን 1.2 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ግን አየር መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። ከበሩ ትይዩ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ፣ 60 በ60 መስኮት አውጡ። ትኩስ አየር የሚወጣው በላይ ነው። ቴርሞሜትር በተክሉ ቁመት፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ስቀሉ። 25 ሲደርስ በሩን ክፈቱ። በጣም በሚሞቅበት ወቅት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚከልል የጥላ መረብ ከላይ ጣሉበት።

ጣሪያ ያለው ቦታ ዝናብ አያገኝም፤ ውሃውን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ውሃው ከየት ይመጣል የሚለው ያ ጥያቄ እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል። ከቤቱ አሸንዳ የሚወርደውን አጠራቅሙ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እስከ 200 ሊትር፣ አንድ በርሜል ሙሉ ያህል ይሆናል። በርሜሉን ጥቁር ቀቡና ፀሐይ በሚያገኝበት የግሪንሃውሱ ጥግ፣ ጠንካራ የብሎኬት መሠረት ላይ አስቀምጡት። ከፍ ስላለ ጠብታ መስኖን፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ሥሩ ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ፣ ያለ ፓምፕ ይገፋል። ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ደግሞ ማታ ይመልሳል። 200 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይሰጣል። አፉን በወንፊት ሸፍኑት፣ ትንኝ እንዳይገባ። ፏፏቴው ሲጎድልም ከዚሁ ትጨምሩለታላችሁ።

ጠዋት አጠጡ፣ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይሁን። ማታ የረጠበ ቅጠል የፈንገስ በሽታ ይጋብዛል። ቲማቲም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሲያብብ ግንዱን በየቀኑ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ኪያርና ዱባ ግን በአብዛኛው ንብ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አበባው በሚፈካበት ጠዋት በሩ ክፍት ይሁን፣ ወይም በትንሽ ብሩሽ ከወንዴው አበባ ወደ ሴቴው አድርሱ።

ሁሉም ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሃ ልኩን ይዛችሁ ተመለሱ። የተቆፈረ አፈር በዚያን ጊዜ ይረጋል። ማሰሮው ትንሽ አዘንብሎ በአንድ ጎን ብቻ ይፈስ ይሆናል፣ እንደገና ሽብልቅ አስገቡለት። የመርገጫው ድንጋይ የሚወላወል ከሆነ አንሱትና አሸዋ ጨምሩበት። የግሪንሃውሱ ፕላስቲክ ከላላ ቦዩን ከፍታችሁ ሳቡትና መልሳችሁ ቅበሩት። የበርሜሉን መሠረትም እዩ። 200 ኪሎ ነው የተሸከመው።